ተቀያይሮ የተገዛ ጂቲ86 እና የ20 ዓመት አሽከርካሪ፦ የአንድ የኢንሹራንስ ጉዳይ ጥናት

መኪናው የ2014 ሞዴል ቶዮታ ጂቲ86 ነው። ባለ ሁለት በር፣ በኋላ ጎማ የሚነዳ፣ 1998 ሲሲ ቦክሰር ሞተር ያለው፣ ከፋብሪካ በ197 የፈረስ ጉልበት የወጣ። ባለቤቱ ብሪታንያ የሚኖር የ20 ዓመት ወጣት ሲሆን መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና 14 ወሩ ነው። መኪናውን ያገለገለ ነው የገዛው፤ እጁ ሲገባም ብዙ ነገሩ ተነካክቶ ነበር። በዚያ አገር የመድን ገበያ ይህ ደጋግሞ የሚነሳ ዓይነት ጉዳይ ነው። ከታች ያሉት የአረቦን፣ የጥገናና የካሳ መጠኖች ስሌቱ ቁልጭ ብሎ እንዲታይ በድፍን ቁጥር የተቀመጡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ሕጎቹና የቴክኒኩ ዝርዝር ግን እንዳሉ ናቸው፤ ዓመቶቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መኪናው ላይ ምን ተለውጧል

ከውጭ የሚታየው ቸርኬው ነው። ፋብሪካው 17 ኢንች ቸርኬ ከ215/45 ጎማ ጋር ያወጣዋል፤ በቦታው 18 ኢንች ከ225/40 ጎማ ጋር ገብቷል። የኋላው ማርሚታም ተቀይሯል፤ ድምፁ ይናገራል። የቀረው ጎንበስ ብለው ካላዩት ወይም ኮምፒውተር ካልሰኩበት አይታይም። ቁመቱ የሚስተካከል ሞላና አሞርዛተር፣ ኮይልኦቨር የሚባለው፣ መኪናውን 30 ሚሊሜትር ዝቅ አድርጎታል። የፊት ፍሬን ሸራዎቹ ሙቀት የሚችሉ ሆነው የፍሬን ቱቦዎቹ በብረት ሽቦ የተጠለፉ ናቸው። የሹፌሩ ወንበር በውድድር ወንበር ተተክቷል። ካታሊስት (የጭስ ማጣሪያ) የሌለው ማኒፎልድ፣ ጭሱን ከሞተሩ የሚቀበለው ቱቦ፣ ገብቷል፤ የሞተሩ ኮምፒውተርም ሪማፕ ተደርጓል፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ተቀይሯል።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አብረው የመጡት በምክንያት ነው። ጂቲ86 በደቂቃ ከ3,500 እስከ 4,500 ዙር አካባቢ ጉልበቱ ደከም ይላል፤ የዚህ ሞዴል ባለቤቶች ሁሉ የሚያውቁት ጠባይ ነው። ማኒፎልድና ሶፍትዌር አንድ ላይ ሲቀየሩ ያ ጉድለት ይሞላል። መሪ የያዘው ሰው ለውጡን አጥብቆ የሚያየው እዚያ መሃል ላይ ነው፤ ጫፍ ላይ የሚጨመረው ያን ያህል አይደለም። መድን ሰጪው ግን እንዲህ ዓይነቱን ልዩነት አይመረምርም። ፎርሙ ላይ ሪማፕ የሚል ቃል ካረፈ፣ ለእሱ መኪናው ጉልበት የተጨመረበት መኪና ነው።

ፎርሙ

ወጣቱ ውሉን የገዛው በዋጋ ማወዳደሪያ ድረ ገጽ ነው። "መኪናው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተለወጠ ነገር አለው?" ሲባል "አለው" አለ፤ ከተዘረዘሩለት መካከልም ቸርኬንና ማርሚታን መርጦ አለፈ። ሱስፔንሽኑን የተወው ስላላወቀ ነው። ሻጩ አልነገረውም፤ እሱም መኪናው ዝቅ ብሎ የሚታየው በቸርኬው ምክንያት መስሎታል። ሪማፑን የተወበት ምክንያት ግን ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው።

ከመኪናው ጋር በተሰጠው ፎልደር ውስጥ አንድ የዳይኖ (የመኪና ጉልበት መለኪያ ማሽን) ወረቀት ነበር። ትልቁ ቁጥር 182 የፈረስ ጉልበት ይላል። ካታሎጉ 197 ስለሚል፣ ሶፍትዌሩ ምንም እንዳልጨመረ፣ እንዲያውም እንደቀነሰ ቆጥሮ ወረቀቱን አጥፎ መለሰው። ዳይኖ የሚለካው ጎማ ላይ የደረሰውን ጉልበት ነው፤ ካታሎግ የሚጽፈው ሞተሩ ላይ ያለውን ነው። በመካከል ያሉት ካምቢዮ፣ የማስተላለፊያ ዘንግና ዲፈረንሻል የራሳቸውን ይበላሉ። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን አይቀመጡም። የሚወዳደረው ቁጥር እዚያው ወረቀት ላይ በነጠብጣብ መስመር ተስሎ ነበር፦ ማኒፎልዱና ሶፍትዌሩ ከመቀየራቸው በፊት በዚያው ማሽን የተለካው 166። 182 ለ166 ሲካፈል 1.096 ይሆናል፤ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ ነው። በሞተር ልኬት ሲተረጎም 197 የነበረው ወደ 216 ወጥቷል ማለት ነው። ይህን የነጠብጣብ መስመር ልብ ይሏል፤ ኋላ ሲያከራክር እናገኘዋለን።

ሙሉ ሽፋን ያለው ውል በዓመት 2,640 ፓውንድ ተተመነ። ከዚህ ውስጥ 283 ፓውንድ ያህሉ በመድን አረቦን ላይ የሚጣለው የ12 በመቶ ግብር ነው፤ ለኩባንያው የሚገባ አይደለም። ከካሳው የሚቀነሰው የደንበኛው ድርሻ በሦስት ተከፍሎ ተጽፏል፦ 350 ፓውንድ የግዴታ፣ 400 ፓውንድ የወጣት አሽከርካሪ ተጨማሪ፣ 250 ፓውንድ ደግሞ አረቦኑ እንዲቀንስ ራሱ በፈቃዱ የወሰደው። ድምሩ 1,000። ብዙ ወጣት ገዢዎች በማወዳደሪያው ገጽ ላይ የሚያዩት የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ የወጣት አሽከርካሪው 400 የሚገኘው በውሉ ዝርዝር ውስጥ ነው።

አደጋውና የመሐንዲሱ ሪፖርት

በዝናብ፣ አደባባይ እየዞረ ሳለ የመኪናው ኋላ ተንሸራተተ። የቀኝ የኋላ ጎማ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋጨ፤ ቀጥሎ የኋላው ጎን ከመንገድ ምልክት ምሰሶ ጋር። የተጎዳ ሰው የለም፤ ሌላ መኪናም አልነበረም። ቸርኬው ተሰነጠቀ፣ የታችኛው ብራቾ ተጣመመ፣ ፓራውልቱ ተሰበረ፣ የኋላ ጎን ላሜራው ገባ። የጥገናው ግምት 7,200 ፓውንድ ሆነ።

እንዲህ ዓይነት መጠን ያለው ካሳ ሲጠየቅ ኩባንያው መሐንዲስ ይልካል። መሐንዲሱ ብራቾውን ሊያይ ጎንበስ ሲል በቀለም የተለየውን ኮይልኦቨር አየ፤ ቁመቱን ለካ። የምርመራ መሣሪያውን ሲሰካም የሞተሩ ኮምፒውተር የሚያሳየው የሶፍትዌር መለያ ቁጥር ቶዮታ ለዚያ ሞዴል ከሚያወጣቸው ጋር አልገጠመም። ሪማፕ የሚያዘው በአብዛኛው እንዲሁ ነው፤ በድምፅ ወይም በፍጥነት አይደለም። በጂቲ86 የጎን ኤርባጉ ያለው በወንበሩ መደገፊያ ውስጥ ስለሆነ የውድድር ወንበሩም ተመዘገበ። የማስጠንቀቂያው መብራት እንዳይበራ ገመዱ ላይ ሬዚስተር፣ ኤርባጉ ያለ የሚያስመስል ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ተበይዶበታል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ዘዴ ነው፤ መብራቱን ያጠፋል እንጂ የሌለውን ኤርባግ አይተካም። መኪናው አብሮት የወጣው ኤርባግ ጎድሎ መገኘቱም በዓመታዊው ምርመራ ራሱን የቻለ ጉድለት ነው።

ሦስት ውሳኔ፣ አንድ ሕግ

የመጀመሪያው ደብዳቤ ከባድ ነበር፦ ሆን ተብሎ የተሰጠ የተሳሳተ መረጃ ስለሆነ ውሉ ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ይቆጠራል፣ ካሳ አይከፈልም፣ አረቦኑም አይመለስም።

ይህን የሚገዛው በ2012 ወጥቶ ከኤፕሪል 6 ቀን 2013 ጀምሮ የሚሠራው የሸማቾች የመድን ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ደንበኛው ባይጠየቅም መድን ሰጪውን የሚመለከተውን ሁሉ ራሱ እንዲናገር ይጠበቅበት ነበር። የ2012ቱ ሕግ ይህን ሽሮ፣ የተሳሳተ መረጃ ላለመስጠት ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ በሚል ግዴታ ተካው። ጠይቆ ማወቅ የኩባንያው ሥራ ሆነ፤ ጥያቄው ምን ያህል ግልጽና የተለየ እንደነበርም ይመዘናል። ስህተቱ ሆን ተብሎ ወይም በማናለብኝነት የተፈጸመ ከሆነ ኩባንያው ውሉን ሊያፈርስና አረቦኑን ሊይዝ ይችላል። በግድየለሽነት ከሆነ ግን የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነው፦ እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ኩባንያው ምን ያደርግ ነበር? ጭራሽ ባይዋዋል ኖሮ፣ ውሉን ያፈርሳል፣ አረቦኑን ግን ይመልሳል። በሌላ የውል ቃል ቢዋዋል ኖሮ፣ ያ ቃል እንደነበረ ይቆጠራል። በከፍተኛ አረቦን ቢዋዋል ኖሮ፣ ካሳው በዚያው መጠን ይቀነሳል። ሆን ተብሎ መፈጸሙን የማስረዳት ሸክም የመድን ሰጪው ነው።

ወጣቱ መልስ የሰጠው በስልክ አይደለም፤ በጽሑፍ ነው። ያያዛቸው ሰነዶች ሻጩ ያወጣው ማስታወቂያ (ኮይልኦቨር የሚል ቃል የለበትም)፣ የማኒፎልዱና የሶፍትዌሩ ደረሰኝ (ቀኑ እሱ ከመግዛቱ በፊት ነው) እና የዳይኖው ወረቀት ነበሩ። 182ን ከ197 ጋር አወዳድሮ እንደተሳሳተ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳ። ስህተቱ የማያስቀጣ አይደለም፤ ፎልደሩ ውስጥ የሪማፕ ደረሰኝ እያለ ሪማፕ የሚለውን ሳጥን ባዶ መተው ግድየለሽነት ነው። ማጭበርበር ግን አይደለም። ኩባንያውም ይህን ተቀበለ።

ሁለተኛው ውሳኔ ግን በሌላ በር የመጣ እምቢታ ነበር፦ "ብናውቅ ኖሮ ይህን መኪና አንወስድም ነበር።" አብዛኛው ሰው እጁን የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ መስጠት ግን የለበትም። እንዲህ የሚል ኩባንያ የአባባሉን ማስረጃ፣ ማለትም በውሉ ዕለት ይሠራበት የነበረውን የመቀበያ መመሪያ፣ እንዲያሳይ ሊጠየቅ ይገባዋል። ሲጠየቅ መመሪያው ለዚህ ሞዴል እስከ 15 በመቶ የጉልበት ጭማሪ በተጨማሪ አረቦን እንደሚቀበል ታየ። 166 እና 182 ያስፈለጉት እዚህ ነው፤ ጭማሪው ወደ 10 በመቶ ስለሆነ ከገደቡ በታች ነው። ያ የነጠብጣብ መስመር ባይኖር ኖሮ ጉልበቱን በግምት መከራከር ነበር የሚቀረው፤ በግምት ደግሞ ደንበኛ አያሸንፍም።

ለእንዲህ ዓይነት ቅሬታ ኩባንያው የመጨረሻ መልሱን ለመስጠት ስምንት ሳምንት አለው። መልሱ ካላረካ ወይም ጊዜው ካለፈ ጉዳዩ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ወደተባለው የፋይናንስ እንባ ጠባቂ ያለ ክፍያ ይሄዳል፤ የመጨረሻው መልስ ከደረሰ በኋላ ያለው ጊዜ ስድስት ወር ነው። እዚህ ግን እዚያ መድረስ አላስፈለገም። ሦስተኛው ውሳኔ ተመጣጣኝ ካሳ ሆነ።

ስሌቱ

በመመሪያው መሠረት ሁሉም ቢነገር ኖሮ አረቦኑ 3,520 ፓውንድ ይሆን ነበር። ከተከፈለው የ880 ልዩነት አለው፤ 640ው የማኒፎልዱና የሪማፑ፣ 240ው የሱስፔንሽኑ። የፍሬን ሸራና ቱቦ፣ ወንበሩም ጭምር፣ ምንም አልተጨመረባቸውም። 2,640 ለ3,520 ሲካፈል 75 በመቶ ነው።

አሁን አንድ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነጥብ አለ። የ75 በመቶው የሚሰላው ከምን ላይ ነው? የመጀመሪያው የክፍያ ደብዳቤ እንዲህ አስልቶ ነበር፦ 7,200 በ75 በመቶ 5,400፤ ከዚያ የደንበኛው ድርሻ 1,000 ሲቀነስ 4,400። ሕጉ የሚለው ግን ኩባንያው በውሉ መሠረት ሊከፍል ይገባው ከነበረው ላይ መቶኛው እንዲሰላ ነው። በውሉ መሠረት ሊከፈል የሚገባው ድርሻው ከተቀነሰ በኋላ ያለው ነው፦ 7,200 ሲቀነስ 1,000፣ 6,200። የዚህ 75 በመቶ 4,650 ነው። ልዩነቱ 250 ፓውንድ። በአንድ ኢሜይል ተስተካከለ፤ ካልተጠየቀ ግን አይስተካከልም።

ስለዚህ ከ7,200ው ጥገና ወጣቱ ከኪሱ 2,550 ከፈለ። አንድ ሺሁ ያም ሆነ ይህ የእሱ ነበር፤ ባለማስመዝገቡ የከሰረው 1,550 ነው። በአንጻሩ ሳይከፍል የቀረው አረቦን 880። የተረሳው ሱስፔንሽኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ መቶኛው 2,640 ለ2,880፣ ማለትም 91.67 ይሆን ነበር፤ ኪሳራውም ወደ 517 ይወርዳል። መኪናው ከጥቅም ውጭ ሆኖ የገበያ ዋጋው 11,500 ተብሎ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የ25 በመቶው ቅናሽ 2,625 ፓውንድ ይደርስ ነበር። መካከለኛ አደጋ ላይ እንኳ ሒሳቡ የሚያከስር ነው፤ ትልቁ ላይ ሊነጻጸርም አይችልም።

የምሰሶው ባለቤት የሆነው የአካባቢው አስተዳደር ሙሉ ተከፈለው። ተመጣጣኝ ቅናሹ የሚነካው ደንበኛውን እንጂ ሦስተኛ ወገንን አይደለም፤ የ1988ቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ ክፍል 151 መድን ሰጪው በደንበኛው ላይ የተሰጠን ፍርድ ለተጎጂው እንዲከፍል ያስገድዳል። ከፍሎ ግን ከደንበኛው ሊጠይቅ የሚችልባቸው ሁኔታዎች አሉ። እዚህ አልጠየቀም። ሰው ተጎድቶ ቢሆን ኖሮ ይህ አንቀጽ ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው ይሆን ነበር።

ከገንዘቡ ይልቅ ግን የሚከብደው የመዝገቡ ነገር ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ በደረሰበት ቀን ወጣቱ መድን የሌለው አሽከርካሪ ሆኗል። ያለ መድን መንዳት በቦታው 300 ፓውንድና 6 የቅጣት ነጥብ ነው፤ በ1995ቱ የአዲስ አሽከርካሪዎች ሕግ ደግሞ ፈተና ካለፈ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው 6 ነጥብ ከደረሰ መንጃ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ ከተለማማጅነት ይጀምራል። ስለዚህ ክርክሩ እስኪያልቅ መሪ አልያዘም። ሲስማሙም በጽሑፍ ያስገባው ቅድመ ሁኔታ አንድ ነበር፦ ውሉን የማፍረሱ ውሳኔ እንደተነሳና በመድን ሰጪዎች የጋራ መረጃ ቋት ውስጥ የገባው እንደታረመ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ። "መድን ተሰርዞብዎት ወይም ውልዎ ፈርሶ ያውቃል?" የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል፤ "አዎ" ካሉ ብዙ ኩባንያ ዋጋ እንኳ አይሰጥም። በእኛ ግምት ይህ ደብዳቤ ከ1,550ው ይበልጣል።

2,640 ከየት መጣ

የመኪናው መቀያየር ከዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው። ቸርኬውና ማርሚታው የጨመሩት 240 ፓውንድ ብቻ ሲሆን መነሻው 2,400 ነበር። ያን መነሻ የሠሩት ዕድሜው፣ የመንጃ ፈቃዱ አዲስነት፣ የፖስታ ኮዱ፣ መኪናው የሚያድርበት ቦታና በዓመት የሚነዳው ርቀት ናቸው። በብሪታንያ መኪኖች ለዓመታት ከ1 እስከ 50 በሚደርስ የመድን ምድብ ሲደለደሉ ኖረዋል፤ ምድቡ ግን የሚናገረው ከፋብሪካ እንደወጣ ስላለው መኪና ነው። ከተነካካ በኋላ ዋጋውን የሚወስነው የእያንዳንዱ ኩባንያ መመሪያ ነው፤ በኩባንያዎች መካከል ያለው ልዩነት የሚሰፋውም ለዚህ ነው።

ጾታ ከዋጋው ወጥቷል። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በማርች 1 ቀን 2011 ቴስት አሻ በተባለው የቤልጅየም የሸማቾች ማኅበር ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ምክንያት፣ ከዲሴምበር 21 ቀን 2012 ጀምሮ በሚፈረሙ ውሎች ለወንድና ለሴት የተለያየ አረቦን መጠየቅ ቀርቷል። ከዚያ በፊት ወጣት ሴቶች በጣም ያነሰ ይከፍሉ ነበር።

ሰው ወጪ ለመቀነስ ከሚሞክራቸው መንገዶች ሁለቱ ወጥመድ ናቸው። አንዱ የሦስተኛ ወገን ብቻ ውል ነው። ስሙ ርካሽ ይመስላል፤ ግን የሚገዙት አደጋ የሚበዛባቸው አሽከርካሪዎች ስለሆኑ ለወጣት አንዳንዴ ከሙሉ ሽፋን ይወደዳል። ሁለቱንም መጠየቅ ነው። ሌላው እናትን ወይም አባትን ዋና አሽከርካሪ አድርጎ ልጁን በተጨማሪነት ማስመዝገብ ነው። መኪናው የልጁ ሆኖ ይህ ከተደረገ ማጭበርበር ነው፤ ከላይ ባየነው ሕግም "ሆን ተብሎ" ከሚለው ክፍል ሊያመልጥ አይችልም። ተገልብጦ ግን ይሠራል፦ ወጣቱ ዋና አሽከርካሪ ሆኖ፣ በእውነት አልፎ አልፎ የሚነዱት እናቱ በተጨማሪነት ሲመዘገቡ ዋጋው ብዙ ጊዜ ይወርዳል።

መኪናው ላይ ተገጥሞ የፍጥነትና የፍሬን አያያዝ የሚመዘግበው ሳጥን ለወጣት ትልቅ ቅናሽ ያመጣል፤ በዚህ ሳጥን ከሚሠሩት ኩባንያዎች የተቀየረ መኪና የሚቀበሉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ሪማፕ ያለበትን ደግሞ ከእነሱም ብዙዎቹ አይወስዱም።

እድሳቱ

ዓመቱ ሲያልቅ ወጣቱ ጥፋቱ የእሱ የሆነ አንድ አደጋ በመዝገቡ ይዞ መጣ። ዋጋ መጠየቅ የጀመረው ውሉ ከማለቁ አራት ሳምንት በፊት ነው፤ የመጨረሻ ቀን ላይ የሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው ዋጋ ከፍ እንደሚል የታወቀ ነው። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ነባር ደንበኛ በእድሳት የሚጠየቀው በዚያው መንገድ የሚመጣ አዲስ ደንበኛ ከሚጠየቀው እንዳይበልጥ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደንግጓል። ደንቡ የሚይዘው ግን የነባሩን ኩባንያ የራሱን ዋጋ ብቻ ነው፤ የሌላው ያነሰ ሊሆን ይችላል።

በማወዳደሪያው ገጽ ሁሉንም ለውጥ ሲመዘግብ ውጤቱ ቀጠነ። ሪማፕ የሚለው ሳጥን ሲነካ አብዛኞቹ ስሞች ጠፉ። የመቀያየሩ እውነተኛ ዋጋ እዚህ ላይ ነው የሚታየው፦ እያንዳንዱ ኩባንያ ከሚጨምረው ይልቅ፣ ዋጋ የሚሰጡት ማነሳቸው የሚያስወድደው ይበልጣል። በተቀየሩ መኪኖች ላይ ከሚሠራ ደላላ ጋር በስልክ ሦስት አማራጭ ተሰላ። ሁሉም እንዳለ ቢቆይ 4,380። ሞተሩ ወደ ፋብሪካው ተመልሶ ሱስፔንሽን፣ ቸርኬ፣ ማርሚታና ፍሬን ቢቆዩ 3,460። ሙሉ በሙሉ እንደ ፋብሪካው ቢሆን 3,190።

ሞተሩን መመለስ ያገለገለ የፋብሪካ ማኒፎልድ 220፣ ጋስኬትና የእጅ ዋጋ 260፣ የመጀመሪያውን ሶፍትዌር መልሶ መጫን 120፤ ድምሩ 600 ፓውንድ። የተፈታው ማኒፎልድ በ250 ስለተሸጠ የተጣራው 350 ነው። የተረፈው አረቦን 920። ወጪውን በአንድ ዓመት ውስጥ ይመልሳል። ከዚህም ሌላ ካታሊስት ከፋብሪካ ተገጥሞለት የነበረ መኪና ያለ ካታሊስት መገኘቱ በዓመታዊው ምርመራ የሚጥል ጉድለት ስለሆነ፣ ማኒፎልዱ ከመድኑ ውጭም ዕድሜ አልነበረውም። የቀረውን መመለስ ግን ሌላ ሒሳብ ነው፦ ያገለገለ ሞላና አሞርዛተር 200፣ መግጠሚያና አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) 280፣ ቸርኬና ጎማ 500፤ 980 አውጥቶ በዓመት 270 ማትረፍ። ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጃል፤ ያኔ ዕድሜው ራሱ ዋጋውን አውርዶታል። ሁለተኛው ተመረጠ። ወንበሩ ያለ ክርክር ወደ ፋብሪካው ተመለሰ፤ ሬዚስተሩም ተነቅሎ ኤርባጉ በምርመራ መሣሪያ ተፈተሸ።

ሲያስመዘግብ ከአንድ ቃል ይልቅ አንድ መስመር ጻፈ። ለእያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሆነ፣ መጠኑን፣ ማን እንደገጠመው፣ መቼ እንደተገጠመና ጉልበት እንደሚጨምር ወይም እንደማይጨምር። "ሱስፔንሽን ተቀይሯል" ብቻ አላለም፤ "ቁመቱ የሚስተካከል፣ ከፋብሪካው 30 ሚሊሜትር ዝቅ ያለ፣ አላይመንት የተሠራበት፣ ወረቀቱ ተያይዟል" አለ። ሶፍትዌሩ ወደ መጀመሪያው ስለመመለሱ የጋራዡ ደረሰኝና የመለያ ቁጥሩ ፎቶ ተላከ። ውሉ ለተቀየሩት ክፍሎች በተመሳሳይ ክፍል እንደሚተካ ወይም በፋብሪካው ዋጋ ብቻ እንደሚከፍልም ጠየቀ። መደበኛ ውል ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ነው የሚለው፤ ያኔ 18 ኢንቹ ቸርኬ ሲሰበር የሚከፈለው የ17 ኢንቹ ነው። እዚህ ውል ውስጥ በተመሳሳይ ክፍል የሚል ተጨመረ፤ ደረሰኝና ፎቶ እስካለ ድረስ።

የውሉ ዝርዝር በኢሜይል ሲደርስ መስመር በመስመር ከላከው ጋር አመሳከረ። ደላላው ቤት ማርሚታውን "ሙሉ ጭስ ማውጫ" ብለው አስገብተውታል። የተቀየረው ከካታሊስቱ በኋላ ያለው የኋላው ክፍል ብቻ ነው፤ ሙሉ ጭስ ማውጫ ማለት ማኒፎልዱንም ይጨምራል፣ ማኒፎልዱ ደግሞ አሁን የፋብሪካው ነው። ውሉ ሊጀምር አምስት ቀን ሲቀረው ታርሞ፣ 50 ፓውንድ ቀንሶ፣ 3,410 ሆኖ ተመለሰለት።